ስለ ቢጫ ወባ የተደረገ ንግግር



ቢጫ ወባ በስሙ ወባ ይባል እንጂ ወባ አይደለም፤ አምጪው ቫይረስ ስለሆነ የወባ ኪኒን አያድነውም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ አገራችን 100,000 ያህል ሰው ታሞ 30,000 ያህሉ እንደ ሞተ ይገመታል። በ2020ም በጉራጌ ዞን ተነሥቶ ነበር።

አስተላላፊዋ ቢምቢ በእንሰት ቅጠል ብብት በሚጠራቀመው ውሃ ትራባለች። እንሰቱን ቆርጠን አንጥል፤ ምግባችን ነው። ስለዚህ ዋናው መከላከያ ክትባት ነው፤ አንድ ጊዜ የተከተበ ዕድሜውን ሙሉ ይጠበቃል። ክትባቱ ግን ቀድሞ የሚደርሰው የመጀመሪያው በሽተኛ ቶሎ ሲታወቅ ነው።

እንግዲህ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ትኩሳት ይዞት ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ብናይ «ወባ ነው» ብለን አንለፍ፤ በዚያው ቀን ለጤና ጣቢያ እናስታውቅ።