ያየነውን ከሰማነው እንለይ

በዚህ በይፋት ቆላ ፀሐይ ማሾና ሽንኩርት አምርቶ ልጅ ለጋዋን ማብቃት ምን እንደሚጠይቅ ወላጆች ታውቁታላችሁ፤ እጅ እነሣለሁ።

ዛሬ ስለ መገናኛ ብዙኃንና ስለ ሕዝብ ሥልጣን ልናገር። ሕዝብ በትክክል መምረጥ የሚችለው የአገሩን ጉዳይ በትክክል ሲያውቅ ነው።

ከሸዋሮቢት አልፎ ደሴ በሚዘልቀው በዚህ አውራ ጎዳና ዳር፣ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ሰው በረሃብ ሲረግፍ የመንግሥት ራዲዮና ጋዜጣ ዝም አሉ። ረሃቡን ለዓለም ያሳየው የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ነበር። ያው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር ተቀናብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ረሃቡም ድግሱም እውነት ነበሩ። ነገር ግን ሕዝብ ሲያልቅ የተደበቀው እውነት የወጣው ሥልጣን ለሚይዙት ሲጠቅም ነው።

ከግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ በፊት ፓርቲዎች በቴሌቪዥንና በራዲዮ ፊት ለፊት ሲከራከሩ ሕዝቡ ሁሉንም ሰምቶ ድምፁን ሰጠ። በውጤቱ ላይ ውዝግብ ሲነሣ ግን የግል ጋዜጦች ተዘጉ፣ ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ ከአዲስ አበባ ከታፈሱት ወጣቶች ከፊሎቹ እዚሁ ሸዋሮቢት ማረሚያ ቤት ታጎሩ። ክርክር ሲዘጋ እስር ቤት ይሞላል።

የ2013 ዓ.ም.ን ግጭት ለእናንተ አልተርክም፤ በአጣዬ፣ በካራቆሬና በሸዋሮቢት የጠፋውን ሕይወትና የነደደውን ቤት ታውቃላችሁ። ሰንበቴ ገበያ አብሮ ሲሸጥና ሲገዛ የኖረ አማራ፣ ኦሮሞና አርጎባ በየስልኩ የተለያየ ወሬ ሲደርሰው መተማመን ይሟጠጣል። ወሬ የት እንደሚያደርስም፣ በ1986 ዓ.ም. ሩዋንዳ ውስጥ ራዲዮ ጎረቤትን በጎረቤቱ ላይ ሲያስነሣ ዓለም አይቷል።

የሐሰት ወሬ መድኃኒቱ ቅርባችን ነው። በስተምሥራቅ ያሉት አፋሮች ዳጉ የሚሉት ሥርዓት አላቸው። መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ጸጥታው ይጠያየቃሉ። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሌላ ሰው ከሰማው ለይቶ ያወራል፤ ሰሚውም ከማን እንደሰማው ይጠይቀዋል። ሐሰት ያወራ ሰው በማኅበረሰቡ ፊት ይጠየቅበታል።

የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1185 ወጥቷል። አዋጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ከጥፋት በኋላ ነው፤ ትችትን ማፈኛ እንዳይሆንም የነቃ ሕዝብ ይፈልጋል።

ተመራቂዎች፤ ወሬ በመጣ ቁጥር እናታችሁ «አንተ የተማርከው፣ እውነት ነው እንዴ?» ብለው የሚጠይቁት እናንተን ነው። ያን ጊዜ «ቆይ፣ ላጣራ» ማለት አይክበዳችሁ። የምትደግፉትንም የምትቃወሙትንም ወገን ወሬ በአንድ ሚዛን መዝኑ። ያላጣራችሁትን ለሌላ አታስተላልፉ። ባለሥልጣን እውነት ሲደብቅ ጠይቁ፤ ጋዜጠኛ እውነት በመናገሩ ሲታሰር ድምፃችሁን አሰሙ። ዴሞክራሲ የሚጸናው እንዲህ ባሉ ዜጎች ነው።

እውቀታችሁ ለወገን የሚተርፍ፣ ቃላችሁ የሚታመን ይሁን። አገራችንን ሰላም ያድርግልን።