የፀሐይ መብራት ጠባቂ ያሻዋል



ዛሬ የምናወራችሁ ስለ ፀሐይ መብራት ነው። እኛ ዘማች ተማሪዎች ፊደል ልናስተምር ወደ ገጠር ወጣን። አስተማርን፤ እኛም ተማርን። ከተማርነው አንዱን እንንገራችሁ።

በነበርንበት ቀበሌ የመብራት ምሰሶ አልደረሰም። ማታ በየቤቱ የሚበራው ኩራዝ ነው። የኩራዝን ነገር ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ደረት ያፍናል። ከወደቀ ቤት ያቃጥላል። ላምባውም ገንዘብ ይበላል።

በጤና ኬላው ጣሪያ ላይ ግን ሶላር የሚባለው ሰሌዳ ነበረ። ሰሌዳው ቀን የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ኤሌክትሪኩ በሽቦ ወርዶ ባትሪ ውስጥ ይጠራቀማል። ማታ መብራቱን የሚያበራው ይኸው ባትሪ ነው። ቀን ያልገባ ነገር ማታ አይወጣም።

እኛም በዚያ መብራት የማታ ትምህርት ጀመርን። ትምህርቱ ደራ። እስከ ሁለት ሰዓት የነበረው እስከ አራት ሰዓት ሆነ። ስልካችንንም ከዚያው እንሞላለን፤ ጎረቤቱም የራሱን ያመጣል። ከባትሪው አጠገብ ኮንትሮለር የሚሏት ትንሽ ሣጥን አለች። ባትሪው ሲደክም ቀይ ታበራለች፤ ቀጥላም መብራቱን ታጠፋለች። «ይብቃችሁ» ማለቷ ነው። እኛ ግን ፊደል የቆጠርን ነን ብለን ሽቦውን ከሣጥኗ ነቀልንና በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኘነው። መብራቱ በራ። ደስ አለን።

ጥቂት ወራት ሳይቆይ ባትሪው ሞተ።

አንድ ሌሊት ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ መጣች። የጤና ሠራተኛዋ ማብሪያውን ብትጫን ጨለማ ነው። ኩራዝ ይዘን ቆምን። እጃችን ይንቀጠቀጥ ነበር። ደግነቱ እናትየዋ በሰላም ተገላገለች። ሲነጋ የሕፃኑ አያት ጠሩንና፣ «ልጆቼ፣ ላም እንኳ ስትታለብ ለጥጃዋ ይተውላታል። እናንተ ለዚች ልጅ ምን ተዋችሁላት?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ታዲያ ከእኛ ጥፋት እናንተ ተማሩ። የፀሐይ መብራት ያላችሁ እነዚህን አራት ነገሮች ያዙ።

አንደኛ፣ ባትሪውን አታሟጡት። ቀይ ሲበራ አጥፉ። ሽቦውንም ከሣጥኑ አትንቀሉ።

ሁለተኛ፣ ሰሌዳውን ጠብቁት። የዛፍ ጥላ አይረፍበት። አቧራውን በማለዳ፣ ሳይግል፣ በለስላሳ እርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ሦስተኛ፣ ከአቅሙ በላይ አትጫኑት። የጤና ኬላው ሰሌዳ 50 ዋት ነበር። ለጥቂት አምፖልና ለስልክ ይበቃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከ3,000 ዋት በላይ ይፈልጋል። አንድ ምጣድ ለማጋል እንዲህ ያለ ሰሌዳ ከ60 በላይ ሊያስፈልግ ነው ማለት ነው። ሰሌዳው ሲበዛ ግን ሥራውም ይበዛል። በአገራችን በሚቶ መንደር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ዓ.ም. 10.5 ኪሎ ዋት የሚሰጡ ሰሌዳዎች ተተክለው ወደ 300 ለሚጠጉ ቤቶች መብራት ሰጥተው ነበር። በ1989 ዓ.ም. ወደ 30 ኪሎ ዋት ያደጉት ውሃ እንዲስቡና እህል እንዲፈጩ ተብሎ ነው። እንግዲህ ፀሐይ ወፍጮም ታዞራለች፤ ልኩን ማወቅ ነው።

አራተኛ፣ ለባትሪ መተኪያ ቆጥቡ። ፀሐይ ገንዘብ አትጠይቅም። ሰሌዳውም በደንብ ከተያዘ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊያገለግል ይችላል። ባትሪው ግን በጥቂት ዓመታት ያረጃል። በየወሩ ጥቂት ጥቂት ብር ካልተዋጣ ያን ጊዜ ሰሌዳው ጣሪያ ላይ እያለ ቤቱ ይጨልማል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለም ወይ? አሮጌው ባትሪ ደግሞ እርሳስና አሲድ አለበትና ልጆች አይጫወቱበት፤ ጓሮም አይጣል።

እኛ ከኪሳችን አወጣን፤ የቀበሌው ሰውም አዋጣ። አዲስ ባትሪ ተገዛ። ሽቦው ወደ ሣጥኗ ተመለሰ። የማታ ትምህርቱም እስከ ሁለት ሰዓት ብቻ ሆነ። ከዚያም ሕዝቡ ተሰብስቦ ጠባቂ መረጠ። የተመረጠችው ከእኛ ዘንድ ፊደል የቆጠረች አንዲት እናት ናት። ደብተር ሰጠናት። ማታ ማታ የሣጥኗን መብራት አይታ ትጽፋለች። በመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «ዛሬ አረንጓዴ ነው። ሁለት ሰዓት ላይ አጠፋሁ። ለሌሊት ተርፏል።»

ከዚያ ወዲህ ሌሊት የመጣች ወላድ ሁሉ መብራት አላጣችም።

እናንተም ፊደል ቆጥራችኋል። በመንደራችሁ የፀሐይ መብራት ካለ ዛሬውኑ ጠይቁ፤ ጠባቂው ማን ነው? ደብተሩስ የት አለ?