በድርቅ ጊዜ በጠና የታመሙ አዋቂዎችን ስለመለየትና ቅድሚያ ስለመስጠት
(በቢቸናና በሞጣ ለሚሠሩ የአስተዳደርና የዕርዳታ ሠራተኞች የተዘጋጀ ንግግር)



ድርቅ ሲነሣ በመጀመሪያ ዓይን የሚያርፈው በሕፃናት ላይ ነው። የሚመዘኑት፣ ክንዳቸው የሚለካው፣ ወተት የሚታደላቸው እነርሱ ናቸው፤ ይህም የሚገባ ነው። ነገር ግን በሬ የሚጠምደው አባትና የምታጠባው እናት በመጠለያው ጥግ ተኝተው ካለፉ፣ የዳነው ሕፃን የሚመለስበት ቤት አይኖረውም።

በቀድሞዎቹ የቢቸናና የሞጣ አውራጃዎች፣ በተለይም ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርዱት ቆላማ ቀበሌዎች፣ ረኃብ ያደከመውን ሰው ዝናቡ ሲመለስ ወባ ይጠብቀዋል። ወባ የቆላ በሽታ ብቻ ነው ብሎ መዘናጋትም አይገባም። በ1950 ዓ.ም. ማለቂያና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በአገራችን ከፍተኛ ቦታዎች የተዛመተው ወባ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደያዘና 150,000 ያህል እንደገደለ ተገምቷል። ሰው በተጨናነቀበት መጠለያ ደግሞ በቅማል የሚተላለፉት ተስቦና ግርሻ ይከተላሉ።

በ1977 ዓ.ም. በመቀሌ የዓለም አቀፍ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ነርስ የነበሩት ክሌር በርቺንገር፣ ምግቡ ለሁሉ ስላልበቃ ወደ ምግብ ጣቢያው የሚገቡትን ሕፃናት ከብዙዎች መካከል ለመምረጥ ተገደው ነበር። እንዲህ ያለው ምርጫ የማይቀር በሚሆንበት ጊዜ በሥርዓት እንጂ በግምት ሊፈጸም አይገባም። የናፖሌዎን ጦር የቀዶ ሕክምና ሹም የነበረው ላሬ ቁስለኞች በማዕረጋቸው ሳይሆን በቁስላቸው ክብደት እንዲታዩ ያደረገው ከሁለት መቶ ዓመታት በፊት ነው። ዛሬም ቢሆን ሰልፉን በቀበሌ መዝገብ ተራ ማስኬድ ለጽሕፈት ቤት ይመቻል፤ ለበሽተኛ ግን አይመችም።

ከሁሉ አስቀድሞ መታየት የሚገባው የሚጮኸው ሳይሆን ዝም ያለው ነው። መተንፈስ የተቸገረ፣ እጁ የቀዘቀዘና የልብ ትርታው ቀጭንና ፈጣን የሆነ፣ የሚያንቀጠቅጠው፣ ሲጠሩት የማይመልስ፣ እነዚህ ሁሉ ቀይ ናቸው፤ ወዲያውኑ ይታያሉ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውኃ ማፍሰስ ትንፋሹን ሊዘጋው ስለሚችል በጎኑ ማስተኛት ይሻላል። ሊጠብቁ የማይገባቸው፣ ግን በዚያች ደቂቃ የማይሞቱት ቢጫ ናቸው። ቆሞ የሚሄደውና የሚነጋገረው አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ የተባለው በማታ ቀይ ሊሆን ስለሚችል ምርመራው በየጊዜው ይደገማል።

ስለ ረኃብ ራሱ ሐኪሙ ስቲቭ ኮሊንስና ባልደረቦቹ ለአዋቂ ያቀረቡት መለኪያ በመስክ ለሚሠራ ሰው እጅግ ጠቃሚ ነው። የላይኛው ክንዱ ዙሪያ ከ16 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ አዋቂ ሌላ ምልክት ሳይጠበቅ ለሕክምና ይገባል። ከ16 እስከ 18.5 ሴንቲ ሜትር የሆነው ደግሞ ሁለት እግሩ ካበጠ፣ መቆም ካቃተው ወይም ሰውነቱ ውኃ ካጣ ይገባል። ለዚህ አንድ የመለኪያ ጥብጣብና ሰውየውን «ተነሥ» ብሎ ማየት ይበቃል። ሚዛን አልመጣም ተብሎ የሚሰጠው ምክንያት እንግዲህ የሚያስኬድ አይደለም።

የሚገባው ሰው ከታወቀ በኋላ የአመጋገቡ ነገር ይመጣል። በ1985 ዓ.ም. በሶማሊያ በባይዶዋ በተሠራው ሥራ፣ እግራቸው ያበጠ አዋቂዎች በመጀመሪያ ፕሮቲኑ ያነሰ ምግብ ሲሰጣቸው የሟቾቹ ቍጥር እንደቀነሰ ታይቷል። ለተራበ ሰው በመጀመሪያው ቀን ጠግቦ እንዲበላ ማድረግ ርኅራኄ ቢመስልም ሊገድለው ይችላል፤ ጥቂት በጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ይሰጠዋል።

ግርሻ የያዘውም የራሱ ጥንቃቄ አለው። መድኃኒቱን በወሰደ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ብርቱ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ትኩሳቱ ይወጣል፤ የደም ግፊቱም ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ መርፌውን ወግቶ ወደ መጠለያው መስደድ አይገባም፤ ተኝቶ ሰው ይጠብቀው።

ሁለቱም ከተሞች ዛሬ ሆስፒታል አላቸው። ከዚያ የሚያልፈው በሽተኛ ከቢቸና በደጀን በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከሞጣ ወደ ባሕር ዳር ይላካል። መኪናው አንድ ሲሆን ማን እንደሚሳፈር የሚወስነው የጤና ባለሙያው እንጂ መኪናውን ያዘዘው ሹም አይደለም። መንገዱን የማይችለውና የማይድን መሆኑ የታወቀው ሕመምተኛም ሕመሙን የሚያስታግስ መድኃኒት፣ ንጹሕ ውኃና ከአጠገቡ የሚቀመጥ ዘመድ ያስፈልጉታል። ለሚላከው ደግሞ የተሰጠው መድኃኒትና የተሰጠበት ሰዓት በወረቀት ተጽፎ ከልብሱ ጋር ይሰፋለት።