ከፊደል ወደ ፍሬ ነገር፦ ለሕፃናት አንብቦ መረዳትን ስለ ማስተማር



ማንበብ ምንድን ነው? ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙ ሰው ፊደል ለይቶ ቃል መጥራት ነው ብሎ ይመልሳል። ይህ መልስ ግን ግማሽ እውነት ብቻ ነው። በካፋ ዞን በቢታ ገነት ከተማ የሚማር አንድ ሕፃን ገጹን ሳይደናቀፍ ከተወጣ በኋላ፣ «ታሪኩ ስለ ምን ይናገራል?» ሲባል ዝም ቢል፣ ድምፅ አሰማ እንጂ አነበበ አይባልም። የዚህ ንግግር ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፤ አንብቦ መረዳት ፊደል ከተለየ በኋላ በራሱ ጊዜ የሚመጣ ጸጋ ሳይሆን፣ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ሊሰጥ የሚገባው ትምህርት ነው።

በኢትዮጵያ ንባብና ፍቺ ተለያይተው መኖራቸው ምክንያት አለው። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሕፃኑ ፊደል ይቆጥራል፤ አቡጊዳ ይላል፤ ቀጥሎም ዳዊት ይደግማል። የሚያነበው ግዕዝ የቤቱ ቋንቋ ስላልሆነ፣ ምሥጢሩ የሚገለጥለት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ከቅኔ ቤት አልፎ ከትርጓሜ ቤት ሲደርስ ነው። በዚያ መምህሩ አንዱን ንባብ ይዘው «አንድም» እያሉ ፍቺውን በየረድፉ ያወጡለታል። እንግዲህ የመረዳት ጥበብ ለአገሩ እንግዳ አይደለም፤ እንግዳ የሆነው ጥበቡን ለሕፃናት ማካፈሉ ነው።

ፊሊፕ ጎፍና ዊልያም ተንመር የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1986 ነገሩን ለመሐንዲስ በሚስማማ ቀመር አስቀምጠውታል። እንደ እነርሱ አባባል፣ አንብቦ መረዳት ቃልን የመለየት ችሎታና ቋንቋውን ሰምቶ የመረዳት ችሎታ ብዜት ነው። ድምር አለመሆኑን ልብ ይሏል፤ ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱም ዜሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በስድስት የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በተደረገው የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም፤ ግማሽ ያህሉም ከመረዳት ጥያቄዎቹ አንዱንም አልመለሱም። ካፊኖኖ ከስድስቱ ቋንቋዎች መካከል አልነበረም።

ይሁን እንጂ የካፋ ሕፃን ሸክም ከሌላው የሚያንስ አይደለም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተካሄደባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ የካፋ ቋንቋ ሲሆን፣ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ግን ካፊኖኖ በላቲን ፊደል ይጻፋል። አማርኛው በግዕዝ ፊደል ይቀጥላል። በቀድሞው የደቡብ ክልል ደግሞ እንግሊዝኛ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኖ ሲሠራበት ቆይቷል። ስለዚህ ሕፃኑ ሁለት ዓይነት ፊደልና ሦስት ቋንቋ ይገጥመዋል።

የሁለቱ ጽሕፈቶች ጠባይም ይለያያል። በላቲን የሚጻፈው ካፊኖኖ የአናባቢውን ርዝመት ፊደሉን በመድገም ያሳያል። የአማርኛ ጽሕፈት ግን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ዶሮው ይበላል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ላልቶ ቢነበብ ዶሮው በይ ነው፤ ጠብቆ ቢነበብ ግን ተበይ ነው። የሚፈርደው ፊደሉ ሳይሆን ቀጥሎ ያለው ሐሳብ ነው። በአማርኛ ሳይረዱ በትክክል ማንበብ እንኳ አይቻልም ማለት ነው።

ታዲያ መረዳት እንዴት ይማራል? ዶሎሬስ ደርኪን እ.ኤ.አ. በ1978–79 ያሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ ክፍሎች ውስጥ መምህራን መረዳትን ይፈትናሉ እንጂ እምብዛም እንደማያስተምሩ አሳየ። አነመሪ ፓሊንክሳርና አን ብራውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 አራት ልማዶችን በተግባር አቀረቡ፤ እነርሱም ቀጣዩን መገመት፣ ጥያቄ ማውጣት፣ ያልገባውን ማብራራትና ማጠቃለል ናቸው። መምህሩ በመጀመሪያ ራሱ ሠርቶ ያሳያል፤ ከዚያም ተማሪዎቹ በየተራ የመምህሩን ቦታ ይይዛሉ።

ለምሳሌ በካፋ ደን የተሰቀለ የንብ ቀፎን የሚመለከት አጭር ምንባብ ቢኖር፣ ከመነበቡ በፊት ርእሱ ብቻ ተጽፎ «ምን ይመጣል ብላችሁ ታስባላችሁ?» ይባላል። መሐል ላይ ቆም ተብሎ «ገበሬው ጭሱን ለምን አስቀደመ?» ተብሎ ይጠየቃል። ያልታወቀ ቃል ሲገኝ ፍቺው ከፊትና ከኋላው ካለው ሐሳብ ይፈለጋል። በመጨረሻ አንድ ልጅ በሁለት ዐረፍተ ነገር ያጠቃልላል። ይህ ሁሉ አስቀድሞ በካፊኖኖ ቢለመድ፣ ሕፃኑ ልማዱን ይዞ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል። በማያውቀው ቋንቋ እንዲጀምር ከተገደደ ግን ከብዜቱ አንዱ ወገን ባዶ ይሆናል።

ለዚህ ሥራ ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃል፤ ውድ መሣሪያ አያሻም። የሚያሻው በዘዴው የሠለጠነ መምህርና ሕፃኑ በሚያውቀው ነገር ላይ የተጻፈ ምንባብ ነው። በቦንጋ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ፤ ዘዴውም ለዕጩ መምህራን በንድፈ ሐሳብ ብቻ ሳይሆን በልምምድ ጭምር ሊሰጥ ይገባል። የማኅበሩ አባላት ድርሻም ግልጽ ነው፤ ይኸውም ስለ ውኃ፣ ስለ ድልድይ፣ ስለ ቡና ማድረቂያ አልጋ አጫጭር ምንባቦችን አዘጋጅቶ ከቋንቋው ባለሙያዎች ጋር ወደ ካፊኖኖ ማድረስ ነው። የሒሳቡን ጥያቄ አንብቦ ያልተረዳ ልጅ ስሌቱን ቢያውቅም አይመልሰውም፤ የነገው መሐንዲስም የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው።