ውጥረት፣ ድብርትና የትኩረት ማዘንበል
ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር




ማርች 28 ቀን 1979 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ (በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ በስሪ ማይል አይላንድ የኒውክሊየር ኃይል ማመንጫ በሁለተኛው ሪአክተር አንድ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ከተከፈተ በኋላ መዘጋት ሲገባው ሳይዘጋ ቀረ። በመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ላይ ያለችው መብራት ግን ጠፋች። መብራቷ የምታመለክተው የቫልቩን አቋም ሳይሆን «ዝጋ» የሚለው ትእዛዝ መተላለፉን ብቻ ነበር። ወዲያውም ከአንድ መቶ የሚበልጡ የማስጠንቀቂያ ምልክቶች በአንድነት መጮኽና መብራት ጀመሩ። ተቆጣጣሪዎቹ ዓይናቸውን የተከሉት በግፊት መጠበቂያው ጋን ውስጥ ያለው የውሃ ከፍታ እየጨመረ መሄዱን በሚያሳየው መለኪያ ላይ ነበር። ጋኑ ከልክ በላይ ይሞላል ብለው በመሥጋት ለአደጋ ጊዜ የተዘጋጀው ማቀዝቀዣ ውሃ እንዲቀንስ አደረጉ። ቫልቩ ከሁለት ሰዓት በላይ ተከፍቶ ቆየ፤ የሪአክተሩ እምብርትም ግማሽ ያህሉ ቀለጠ።

አደጋውን የመረመረው ኮሚሽን ጣቱን የቀሰረው ከሁሉ ይልቅ በሥልጠናው ጉድለትና በመቆጣጠሪያው ክፍል አሠራር ላይ ነው፤ ፍርዱም ተገቢ ነበር። የሚዋሽ መብራት የሠራ መሐንዲስ ተጠያቂነቱን በተቆጣጣሪው ነርቭ ላይ ሊያላክክ አይችልም። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። የሠለጠኑ፣ ጤነኞችና ንቁ የሆኑ ሰዎች በጭንቅ ሰዓት በፊታቸው ከተዘረጉት መለኪያዎች አንዱን ብቻ አጥብቀው የሚይዙት፣ ሌላውን እያዩ የማያዩት ስለ ምንድን ነው? ኢስተርብሩክ የተባለው ተመራማሪ ገና በ1959 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የስሜት መነሣሣት ሲበረታ ሰው የሚጠቀምባቸው የመረጃ ምልክቶች ብዛት እየጠበበ እንደሚሄድ አስረድቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ምርምር ከዚህ አልፎ ሄዷል። ትኩረት መጥበቡ ብቻ ሳይሆን ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉም ጭምር ሲጠና ቆይቷል፤ የዛሬው ንግግር ዋና ጉዳይም ይኸው ነው።

አስቀድሞ ግን ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ውጥረት ወይም ስትሬስ የሚለውን ቃል ለሰው አካል ያዋለው፣ ከመሐንዲሶች መዝገብ የተዋሰ ሐኪም ነው። በቪየና የተወለደውና በሞንትሪያል ይሠራ የነበረው ሃንስ ሰልዬ በ1936 ባወጣው አጭር ጽሑፍ፣ አይጦች በብርድም ሆነ በቁስል ወይም በመርዝ ሲጎዱ አካላቸው አንድ ዓይነት ምላሽ እንደሚሰጥ ገለጠ። ይኸውም ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል እጢዎች ያብጣሉ፤ ታይመስ የተባለው እጢ ይሟሽሻል፤ ጨጓራ ይቆስላል። ሰልዬ በኋለኛው ዘመን እንደ ተናገረው፣ እንግሊዝኛው የተሻለ ቢሆን ኖሮ የሚመርጠው ቃል ስትሬን ይሆን ነበር። ለዚህ ጉባኤ ልዩነቱን ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ነው፤ አንደኛው በብረቱ ላይ የሚያርፈው ጫና፣ ሁለተኛው ብረቱ የሚያሳየው የቅርጽ ለውጥ ነው። በዕለታዊ ንግግር «ውጥረት በዛብኝ» የሚል ሰው የሚያማርረው በሚጫነው ነገር ይሁን በራሱ ውስጥ በሚሆነው ለውጥ ሳይለይ የሚቀረው፣ ቃሉ ከመነሻው የተደበላለቀ በመሆኑ ጭምር ነው።

የምላሹ ሥርዓት አሠራር ግን ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። ከአንጎል ሥር ያለው ሃይፖታላመስ ፒቱዩታሪ ለተባለው እጢ ምልክት ይልካል፤ ይህም እጢ በተራው አድሬናልን ያዝዛል፤ አድሬናል ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል። ኮርቲሶል በደም ተሸክሞ ወደ አንጎል ሲመለስ የመነሻውን ትእዛዝ ያቀዘቅዘዋል። ነገሩ የእንፋሎት ሞተርን ፍጥነት እንደሚገዛው መቆጣጠሪያ ያለ ነው። ብሩስ ማክዩወን በ1968፣ በአይጥ ውስጥ የኮርቲሶልን ቦታ የሚይዘው ሆርሞን ሂፖካምፐስ በተባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ እንደሚያዝ አሳየ። ሂፖካምፐስ የትዝታ ሥፍራ ነውና፣ የውጥረት ሆርሞን ከእጢዎች አልፎ በማሰብና በማስታወስ ላይ እንደሚሠራ ፍንጭ የተገኘው በዚህ ነው። ድብርት ከያዛቸው ሰዎች በከፊሉ ይህ የመመለሻ መሥመር ደክሞ ይገኛል፤ ሆርሞኑ መውረድ በሚገባው ሰዓት አይወርድም። ከፊሉ ማለት ግን ሁሉም ማለት አይደለም። በዚህም ምክንያት በ1980ዎቹ ዓመታት ብዙ ተስፋ የተጣለበት የሆርሞን ምርመራ ድብርትን ለይቶ ለማወቅ የዘወትር መሣሪያ ሳይሆን ቀርቷል።

ወደ ትኩረት እንመለስ። በ1986 ኮሊን ማክላውድ፣ አንድሩ ማቲውስና ፊሊፕ ታታ አንድ ቀላል ፈተና አቀረቡ። በመስታወቱ ገጽ ላይ ሁለት ቃላት፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ ለግማሽ ሴኮንድ ይታያሉ። ከሁለቱ አንደኛው የሚያስፈራ ትርጉም ያለው፣ ሁለተኛው ተራ ቃል ነው። ቃላቱ ሲጠፉ ከሁለቱ በአንደኛው ሥፍራ ነጥብ ብቅ ትላለች፤ ተፈታኙም ነጥቧን እንዳየ ቁልፍ ይጫናል። ዓይነ ልቡናው አስቀድሞ በዚያ ሥፍራ ከነበረ ይፈጥናል፤ በሌላው ሥፍራ ከነበረ ይዘገያል። በዚህ ዘዴ ሰውየው «ምን ታስባለህ?» ተብሎ ሳይጠየቅ ትኩረቱ ወዴት እንዳዘነበለ ይለካል። በብርቱ ጭንቀት የሚሠቃዩ ሰዎች ወደሚያስፈራው ቃል ሲያዘነብሉ፣ ጤነኞቹ በተቃራኒው ከዚያ ቃል ይሸሹ ነበር።

በዚያው ጥናት ድብርት ያለባቸው ሰዎች ማዘንበል አለማሳየታቸው ብዙዎችን ግራ አጋብቶ ነበር። መልሱ በጊዜ ርዝመት ውስጥ የተደበቀ ይመስላል። በ2004 ኢያን ጎትሊብና ባልደረቦቹ በቃል ፈንታ የሰው ፊት፣ በግማሽ ሴኮንድ ፈንታ አንድ ሙሉ ሴኮንድ በተጠቀሙ ጊዜ፣ ድብርት ያለባቸው ሰዎች ወዳዘነው ፊት ሲያዘነብሉ ተገኙ። እንግዲህ የተጨነቀ ሰው ትኩረት ቶሎ ይነጠቃል፤ የደበተው ሰው ትኩረት ግን ዘግይቶ ያርፍና ካረፈበት አልላቀቅ ይላል። በ2002 ግሬግ ሲግልና ባልደረቦቹ ባደረጉት የአንጎል ምስል ጥናትም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። አሚግዳላ የተባለው የስሜት ማዕከል አሉታዊ ቃል ሲቀርብለት በጤነኞቹ ዘንድ በ10 ሴኮንድ ውስጥ ሲበርድ፣ በድብርት በተያዙት ዘንድ ሌላ ሥራ ከተሰጣቸው በኋላ እንኳ እስከ 25 ሴኮንድ ድረስ አልበረደም። የተጠኑት ሰዎች ከሃያ የማይሞሉ ስለ ነበሩ ውጤቱን በልኩ መያዝ ይገባል። ሆኖም ከባልደረባው የሰማውን አንድ ክፉ ቃል ቀኑን ሙሉ ሲያመነዥክ የሚውለውን ሰው ለሚያውቅ ሁሉ ግኝቱ ትርጉም አለው።

ማዘንበሉ የሕመሙ ውጤት ነው ወይስ መንሥኤው? ይኸው ማክላውድ በ2002 ጤነኛ ተማሪዎችን በሁለት ወገን ከፍሎ፣ ነጥቧ ለአንደኛው ወገን ዘወትር በአሉታዊው ቃል ሥፍራ፣ ለሁለተኛው በተራው ቃል ሥፍራ እንድትወጣ አደረገ። ከዚያም አስቸጋሪ እንቆቅልሽ ቢሰጣቸው፣ ትኩረታቸው ወደ አሉታዊው እንዲያዘነብል የተለማመዱት ይበልጥ ተረበሹ። በኦክስፎርድ ደግሞ ካትሪን ሃርመርና ባልደረቦቿ በ2009 እንዳሳዩት፣ የድብርት መድኃኒት አንድ ጊዜ ብቻ የተሰጣቸው ሕመምተኞች ኀዘናቸው ሳይቀንስ፣ የሰውን ፊትና ቃል የሚቀበሉበት መንገድ ግን በሰዓታት ውስጥ መለወጥ ጀመረ። መድኃኒቱ ሳምንታት ካልቆየ የማይሠራ የሚመስለው፣ የተቃናው አመለካከት ስሜትን የሚለውጠው ቀስ በቀስ ስለሆነ ይሆናል የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ሁሉ ያማረ ነው። መሐንዲስ ግን መለኪያውን ሳይመረምር ንባቡን አይቀበልም፤ ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል የአንድ ሰው የቁልፍ መጫን ፍጥነት ከሙከራ ወደ ሙከራ በ100 ሚሊ ሴኮንድ ይዋዥቃል እንበል። በእያንዳንዱ ወገን 80 ሙከራ ቢደረግ የአማካዩ ስሕተት 11 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ይሆናል፤ የሁለቱ አማካዮች ልዩነት ስሕተት ደግሞ ወደ 16 ያድጋል። የሚፈለገው ማዘንበል ግን 10 ሚሊ ሴኮንድ ብቻ ቢሆንስ? የአንዱ ሰው ንባብ ከስሕተቱ በታች ይሰጥማል። በሌላ በኩል 100 ሰዎች ቢፈተኑና አማካያቸው ቢወሰድ ይኸው ስሕተት ወደ 1.6 ይወርዳል፤ 10 ሚሊ ሴኮንዱም ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ ስለ ሕዝብ እውነት የሚናገር መሣሪያ ስለ ግለሰብ ምንም ሳይናገር ሊቀር ይችላል። ሁለት የጭነት መኪናዎችን ለየብቻ መዝኖ ከልዩነታቸው የአንዱን ሾፌር ክብደት ለማወቅ እንደ መሞከር ነው። ሽሙክሌ የተባለው ተመራማሪ በ2005 ፈተናውን በእነዚያው ሰዎች ላይ ደግሞ ቢሞክረው፣ የመጀመሪያው ንባብና የሁለተኛው ንባብ እምብዛም አልተገናኙም። ከ1986 እስከ 2005 ድረስ፣ ማለትም ወደ ሃያ ዓመት ገደማ፣ ስንት ጽሑፍ በዚህ ሚዛን ላይ እንደ ታተመ ሲታሰብ ያስገርማል። የመለኪያን ስሕተት አስቀድሞ ማስላት በማንኛውም የምህንድስና ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነውና።

ጉዳዩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ አይደለም። የኃይል ማመንጫ ተቆጣጣሪዎችን፣ የአውሮፕላን አብራሪዎችን ወይም የክሬን ሠራተኞችን ለመምረጥ በኮምፒዩተር የሚሰጥ የትኩረት ፈተና ማራኪ ሆኖ መቅረቡ አይቀርም። ሻጩ የሚያሳየው የቡድን አማካይ እውነተኛ ይሆናል፤ በዚያ ፈተና ምክንያት ከሥራው የሚወገደው ሰው ግን አንድ ግለሰብ ነው። ስለ እርሱ የወጣው ቁጥር በማግስቱ ቢደገም ምልክቱ ሊገለበጥ የሚችል ነው። የአንድን ምሰሶ ጥንካሬ በእንዲህ ያለ መሣሪያ ለክቶ ፊርማውን የሚያኖር መሐንዲስ ባይገኝ፣ የሰውን እንጀራ በዚሁ ለመወሰን ፊርማ መገኘት የለበትም።

ፈተናው ወደ አማርኛ ይመለስ ቢባል ሌላ ችግር ይጨመራል። የሚነጻጸሩት ቃላት በርዝመትና በተለመደነት እኩል መሆን አለባቸው፤ የአማርኛ ግሥ ደግሞ ባለቤቱንና ተሳቢውን በአንድ ቃል አጣምሮ የሚይዝ ነው። «ደበረኝ» የሚለው ቃል ራሱ ምስክር ነው። በመንደር ቋንቋ ደበረኝ ማለት ጨዋታው ሰለቸኝ ማለት ሊሆን ይችላል፤ በሐኪም አፍ ግን ድብርት እንቅልፍን፣ ምግብን፣ ተስፋንና አንዳንዴም ሕይወትን የሚነሣ ሕመም ነው። አንድ ቃል ሁለቱን በመሸከሙ፣ በሕመም የተያዘ የቢሮ ሠራተኛ «ሰነፈ» ተብሎ ሲገሠጽ ይታያል። ለሐኪሙ የሚያገለግለው መሣሪያ እስካሁን ድረስ በሚገባ የተዘጋጀ ቃለ መጠይቅ ነው፤ እንዲህ ያሉ አጫጭር መጠይቆች በአማርኛ ተዘጋጅተው በአገር ውስጥ በሕክምና ተቋሞች ተፈትሸዋል።

ማዘንበሉን በልምምድ ማቃናት ይቻል እንደሆነም ተሞክሯል። በ2015 የቀደሙትን ሙከራዎች በአንድነት የመረመሩት ክሪስቴያና ባልደረቦቿ፣ ጥቅሙ አነስተኛ መሆኑንና ያልተሳኩ ሙከራዎች ሳይታተሙ በመቅረታቸው ሥዕሉ ከልክ በላይ ማማሩን ገለጡ። በ2019 በኖርዌይ ቀደም ሲል ድብርት በነበራቸው 321 ሰዎች ላይ የተደረገው ሙከራ በቀሩት ምልክቶች ላይ ጥቂት መሻሻል አሳይቷል። ጥቂት የተባለው በእውነቱም ጥቂት ነው፤ ልምምዱ የታወቀውን የምክር ሕክምናም ሆነ መድኃኒቱን አይተካም።

የመለኪያው ጉዳይ ግን በዚያ አልቆመም። የቁልፍ መጫንን ፍጥነት ትተው የዓይንን እንቅስቃሴ በካሜራ የሚከታተሉ ተመራማሪዎች የተሻለ መንገድ አግኝተዋል። በ2018 በታተመው በቴል አቪቭ በተደረገ ጥናት 16 ፊቶች፣ ስምንቱ ያዘኑ፣ ስምንቱ ደስተኞች፣ በአንድ ገጽ ላይ ተደርድረው ለ6 ሴኮንድ ይቀርባሉ፤ ተመልካቹ እንደ ወደደ ያያል፤ ይህም 60 ጊዜ ይደገማል። የሚቆጠረው የሁለት ፍጥነቶች ቀጭን ልዩነት ሳይሆን ዓይኑ በእያንዳንዱ ወገን ያሳለፈው ጠቅላላ ጊዜ በመሆኑ፣ የመለኪያው ውስጣዊ ስምምነት ከፍተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ድብርት ያለባቸው ሰዎች ባዘኑት ፊቶች ላይ ከሌሎቹ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ሲቆዩ፣ ድብርት የሌለባቸው ደግሞ ደስተኞቹን ፊቶች አብልጠው ተመልክተዋል።