የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና፦ ታካሚው ምን ይጠብቃል?

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



በትልልቅ ከተሞች የዓይኑን ቆብ ለውበት ሲል ቀዶ ሕክምና የሚያሠራ ሰው እንዳለ ሳትሰሙ አትቀሩም። እኛን የሚመለከተን ግን ሌላው ነው፤ ዓይንን ከመጥፋት የሚያድነው።

እንደሚታወቀው ወረንጦ በመቀነታቸው ቋጥረው የሚዞሩ እናቶች በየመንደሩ አሉ። ፀጉር ዓይናቸውን ሲወጋቸው ጎረቤት ይነቅልላቸዋል፤ ሳይቆይ ያው ፀጉር ተመልሶ ይወጋቸዋል። «ጭስ ነው»፣ «ምች ነው» እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ። ነገሩ ግን ጭስም ምችም አይደለም፤ ትራኮማ፣ በተለምዶ የዓይን ማዝ የምንለው በሽታ ጥሎት የሄደው ጠባሳ ነው። በሽታው ከልጅነት ጀምሮ ሲደጋግም የላይኛው ቆብ በውስጥ በኩል ጠባሳ ያወጣል። ጠባሳው ሲኮማተር ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ሽፋሽፍቱም ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ብሌኑን ይፍቀዋል። መጨረሻው መታወር ነው። ሴቶችን ይበልጥ ያጠቃል፤ ከሕፃናት ጋር ዘወትር የሚውሉት እነሱ ናቸውና። በ1998 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተደረገው ጥናት እንዲህ ያሉ ጎልማሶችን 1.3 ሚሊዮን ያህል ገምቷቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ታክሟል፤ ፈርቶ ቤቱ የቀረም አለ።

ፍርሃቱ «ዓይኔን አውጥተው ያጥቡታል» የሚል ነው። ይህ ሐሰት ነው። የሚቀደደው ቆቡ ብቻ ነው። ታካሚው ይጋደማል፤ ቆቡ ላይ ማደንዘዣ ይወጋል። መርፌው ያማል፣ አንዋሻችሁም። ከዚያ በኋላ ግን ሲነካካና ሲጎተት ይሰማል እንጂ ብዙም አያምም። ለዚሁ የሠለጠነ ነርስ ወይም ሐኪም ቆቡን ቀዶ፣ ሽፋሽፍቱን ወደ ውጭ አዙሮ ይሰፋዋል። ለአንድ ቆብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢፈጅ ነው። ታካሚው በዕለቱ ቤቱ ይገባል። ዓይኑ ተሸፍኖ ስለሚያድር እጁን ይዞ የሚመልሰው ሰው ያስፈልገዋል። እብጠቱና መጥቆሩ ጥቂት ቀናት ይቆያል። የታዘዘውን ቅባትና ክኒን ማቋረጥ አይገባም። ስፌቱ የሚወጣ ከሆነ፣ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ በተቀጠረው ቀን መመለስ ነው። ከደማ፣ ከመገለ ወይም ዓይኑ አልከደን ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም።

ሦስት ነገሮችን ሳንደብቅ እንናገር። አንደኛ፣ የቆቡ ቅርጽ ትንሽ ሊለወጥ ይችላል። ሁለተኛ፣ ሕክምናው መውጋቱን ያስቆማል፤ አንዳንዱም ከበፊቱ አጥርቶ ያያል፤ ነገር ግን ብሌኑ ላይ የቀረውን ጠባሳ አያነሣም። ሦስተኛ፣ ፀጉሩ ሊመለስ ይችላል። በአማራ ክልል 1000 ታካሚዎች ተሳትፈውበት በ2008 ዓ.ም. ውጤቱ በታተመ ጥናት፣ በአንደኛው የአሠራር ዘዴ ከመቶ 13፣ በሌላው ከመቶ 22 ሰዎች ዓመት ሳይሞላ ተመልሶባቸዋል። ስለዚህ ከታከሙም በኋላ መታየት ይገባል፤ ከተመለሰ እንደገና ይሠራል። ጥቂት ፀጉር ብቻ ያለበትን ሰው ደግሞ ባለሙያው «ለጊዜው በንጹሕ ወረንጦ መንቀል ይበቃሃል» ሊለው ይችላል፤ ያንን የሚወስነው ግን ያየው ባለሙያ እንጂ ጎረቤት አይደለም።

«ቡናው ይለቀም፣ ከዚያ እሄዳለሁ» የምትሉ አላችሁ። ቡናው ለከርሞም ያፈራል፤ የጠፋ ብሌን ግን ከርሞ የለውም።

በመሆኑም እያንዳንዱ ቤተሰብ የአዛውንቶቹን ዓይን በብርሃን ይመልከት። ፀጉር የሚወጋው ሰው ካለ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይንገር፤ ወይም ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ወዴት እንደሚላክ እዚያ ይነገረዋል። የልጆቻችንንም ፊት ጠዋት ማታ እንጠብ፤ ዝንብ እንዳይራባ መጸዳጃ ቤታችንን በንጽሕና እንያዝ፤ ያለዚያ የእናቲቱ ቆብ ሲሰፋ የልጅቷ መጠበስ ይጀምራል።

አጃቢ የሌላት፣ ቤቷንና ከብቷን የሚጠብቅላት ያጣች እናት ካለች አትፈር፣ ትንገረን። አብሯት የሚሄድም ቤቷን የሚጠብቅም ሰው ከመካከላችን እንመድባለን። ጉርብትና ለዚህ ነው።