«እንመለስ» ያለው ልጅ
(በምሩቃን መገናኛ ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ሥራ ብቻ እንዳታወሪ» ብለውኛል። እሺ፣ ስለ ሽርሽር ላውራ። ሥራው ተከትሎኝ ከመጣ ግን ይቅርታ፤ የሐኪም ወሬ መጨረሻው ያው ነው።

ባለፈው ዓመት፣ ለፈረንጆቹ ገና አንድ ሳምንት ሲቀር፣ እኛ ገና ጾም ላይ ሳለን፣ ከአንድ ክፍል የተመረቅን አራት ጓደኛሞች ከሲያትል በስተሰሜን ወዳሉት የሳን ዋን ደሴቶች ሄድን። የአንዱ ጓደኛችን የ19 ዓመት ልጅም አብሮን ነበር። ቅዳሜና እሑድን ባሕር ላይ ካያክ ልንቀዝፍ ነው። አዎ፣ በታኅሣሥ! እኛ ባሕርን በካርታ ብቻ ያወቅን የደጋ ልጆች!

የዚያ አካባቢ ውሃ በብርዱ ወራት ወደ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወርዳል። ፀሐይም ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች። አስጎብኚያችን ወጣት ሴት ናት። ውሃ የማያስገባውን ሙሉ ልብስ ካለበሰችን በኋላ «አንድ፣ አሥር፣ አንድ» የሚለውን ደንብ አስተማረችን። ደንቡ የካናዳዊው ፕሮፌሰር ጎርደን ጊስብሬክት ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው በመጀመሪያው 1 ደቂቃ ትንፋሹ ከቁጥጥሩ ይወጣል፤ ሥራው መረጋጋትና ውሃ አለመሳብ ነው። ቀጥሎ 10 ደቂቃ ያህል እጅና እግሩ ይታዘዙታል፤ ከዚያ ይከዱታል። ሰውነቱ ቀዝቅዞ ራሱን እስኪስት ግን 1 ሰዓት ያህል አለው። እንግዲህ አስቡት፤ ብዙ ሰው የሚሞተው ቀዝቅዞ ሳይሆን ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሰምጦ ነው። የመንሳፈፊያ ጃኬት ከመውደቅ በፊት የሚለበሰውም ለዚህ ነው።

ቀጥላ ሁለተኛ ደንብ ነገረችን። «ማንም ሰው 'እንመለስ' ካለ ሁላችንም እንመለሳለን። ምክንያት አይጠየቅም።»

ቅዳሜ በሰላም አለፈ። በሶ በጠበጥን፣ ሻይ ጠጣን፣ የጥንቱን የዶርም ወሬ አንስተን ሳቅን። እሑድ ጠዋት ወደ ማዶው ደሴት ልንሻገር ተነሣን። ሰማዩ ጠቆር ብሏል፣ ውሃው ግን ጸጥ ያለ ነው። ጥቂት እንደቀዘፍን ልጁ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋደመና «አባዬ፣ እኔ እንመለስ እላለሁ» አለ።

ዝም አልን። አባትየው ለዚህች ቀን ከሩቅ አገር ነው የመጣው። «እንዴ፣ ደረስን እኮ!» ሊል አፉን ሲከፍት አየሁት። ግን ዘጋው። አስጎብኚያችን የካያኳን አፍንጫ አዞረች፤ ሁላችንም ተከተልናት።

ነፋሱ መጣ ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልመጣም። ቀኑን ሙሉ ባሕሩ እንደ ገበታ ተዘርግቶ ዋለ። እኛም ከባሕሩ ዳር ቁጭ ብለን አየነው። ማታ እራት ላይ አንዳችንም በልጁ አልቀለድንም። አባትየው ብቻ ጎረሰውና «ጎሽ፣ ልጄ» አለው።

ለእኔ የጉዞው ትልቁ ነገር ይህ ነው። ነፋስ ቢመጣ ኖሮ ልጁን ማመስገን ቀላል ነበር። የደንቡ ፈተና ነፋሱ ሳይመጣ ሲቀር ነው። የዚያን ቀን ብንስቅበት፣ በሌላ ጊዜ እውነተኛ አደጋ ሲያይ አፉን አይከፍትም።

አሁን ወደ ዋርዳችን እንግባ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ዝርዝር፣ ከመቅደድ በፊት ቡድኑ በሙሉ ቆም ብሎ እንዲነጋገር ያዛል። ወረቀቱ በየኦፕሬሽን ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ነገር ግን ሲስተሯ «ዶክተር፣ አንዴ ይቁሙ» ስትል የምናሳያት ፊት ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም። ራውንድ ላይ ከኋላ የቆመው ኢንተርን፣ ሲኒየሩ ያላየውን አይቶ ሊሆን ይችላል። ባይሆንስ? ቆም ብለን ስናጣራ የምናጣው ጥቂት ደቂቃ ነው። ዝም ቢል ግን በሽተኛውን ልናጣ እንችላለን።

ስለዚህ መምህሮቻችንንና እናንተን ጓደኞቼን አንድ ነገር ልለምን። ሰኞ ራውንድ ስትወጡ፣ ከሁሉ ታናሽ የሆነውን አስቀድማችሁ ጠይቁት። «ይቁም» ካለ ቁሙ። ተሳስቶ ቢገኝም «ጎሽ» በሉት፤ ሌላ ቀን ደግሞ እንዲናገር።

ካያኩንም ሞክሩት፣ ደስ ይላል! ጃኬቱን ግን ከመነሣታችሁ በፊት ልበሱ።